ለእህትሽ ምን ትያታለሽ? ባምቦ ፋኑኤል ቺፔታ ጡረታ በወጡበት ዕለት

የተከበራችሁ የሆስፒታላችን ባልደረቦች፣ የተከበሩ የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተር ካሊንዴ፣ እንደ አባት «ባምቦ» የምንላቸው የዕለቱ የክብር እንግዳችን ባምቦ ፋኑኤል፤

ባምቦ ፋኑኤል ወደዚህ ሆስፒታል በመጡበት የመጀመሪያ ቀን የወባ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ተሰናብተዋል። ወባ አልነበረባቸውም። ከዞምባ ከተማ በአውቶቡስ ሲመጡ አቧራ ጠግበው፣ እየሳሉ በራችን ላይ ደረሱ። ዘበኛችን ባምቦ ማሴኮ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩአቸውና «ወረፋው በዚያ በኩል ነው፣ ወንድም» አሏቸው። እሳቸውም ሄደው ተሰለፉ። ካርድ ወጣላቸው፤ ተመዘኑ፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ከሰው ጋር ሲንሸራተቱ ዋሉ። እኔ በዚያን ጊዜ የዚህ ሆስፒታል ሜትሮን፣ የነርሶቹ አለቃ፣ ነበርሁና፣ አዲሱ የአገልግሎት ጥራት ኃላፊ በመጀመሪያ ቀኑ ቀረ ብዬ ቢሮዬ ውስጥ ስቆጣ ዋልሁ። ማምሻውን መድኃኒታቸውን ይዘው ሲወጡ በር ላይ አገኘኋቸው።

«ሰውዬ፣ ለምን ሠራተኛ ነኝ አላሉም?»

«ማንም አልጠየቀኝማ፣ ማዪ፣ እናቴ።»

ይህችን መልስ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አብረናቸው የሠራን ሁሉ ጠባያቸውን እናውቃለን። ሰላምታቸው ረጅም ነው። ዶክተር ካሊንዴ አንድ ሙሉ ክፍል ጎብኝተው ሲጨርሱ፣ ባምቦ ፋኑኤል ገና የመጀመሪያውን ታካሚ ስለ ፍየሎቹ ደኅንነት ይጠይቃሉ። በስብሰባ መካከል ተናግረው አያውቁም፤ ስብሰባው አልቆ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ሲነሣ ግን «አንዲት ትንሽ ነገር ነበረችኝ» ይላሉ። ያቺ ትንሽ ነገር ስንት ምሳ እንዳቀዘቀዘች በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ትመሰክራላችሁ። አይሳቁ፣ ባምቦ፤ ዛሬ ተናጋሪዋ እኔ ነኝ።

ከእነዚያ ትንንሽ ነገሮች አንዲቷ ስለ ታካሚዎች መጠይቅ ነበረች። ለወጣቶቹ ላስረዳ። በዚያን ዘመን ታካሚ ሊወጣ ሲል አንዲት ነርስ ራስጌው ቆማ «አገልግሎታችን እንዴት ነበር? በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ ወይስ መጥፎ?» ትለው ነበር። ሁሉም «በጣም ጥሩ፣ እናመሰግናለን» ይል ነበር። ፍራሽ አልቆ ሲሚንቶ ላይ የወገቧን ሽርጥ፣ ቺቴንጄዋን፣ አንጥፋ የሰነበተች እናት እንኳ «በጣም ጥሩ» አለች። ባምቦ ፋኑኤል ይህንን ሰምተው፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ጠብቀው ተነሡ።

«አንዲት ትንሽ ነገር ነበረችኝ። እንግዳ ቤታችን ጠርተን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሲማውን፣ አብልተን፣ እጁን እያስታጠብነው ‹ጣፈጠህ ወይ?› ብንለው ምን ይላል?»

«ጣፈጠኝ ነዋ የሚለው!» አለች አንዲት ነርስ።

«ጥሬ ቢሆንስ?»

«ጥሬ ቢሆንማ ሁለት ጊዜ ነው የሚያመሰግነው።»

«እንግዲያው እኛም ታካሚውን የምንጠይቀው ማስታጠቢያ ይዘን ነው» አሉና ተቀመጡ።

በማግስቱ ነጭ ጋዋናቸውን አውልቀው የታካሚ ቤተሰቦች ምግብ ወደሚሠሩበት ወደ አስታማሚዎቹ ማብሰያ ወረዱ። እዚያ፣ እንደምታውቁት፣ ወንድ አይደርስም። ሄደው ከሴቶቹ ጎን ምንጣፍ ላይ ቁጭ አሉ። ልጃቸውን የሚያስታምሙ ማዪ ናፊሪ የሚባሉ እናት ድስታቸውን እያማሰሉ አዩአቸው።

«አባባ፣ ሚስትዎ አባረረችዎት እንዴ?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው እጅዎ ለምን ይቦዝናል?» ብለው አንድ ቅርጫት በቆሎ አቀበሏቸው። ባምቦ ፋኑኤል ፈለፈሉ። በማግስቱም ሄደው ፈለፈሉ። ሴቶቹ ከለመዷቸው በኋላ ነው ጥያቄያቸውን ያመጡት። «አገልግሎቱ እንዴት ነው?» አላሉም። «እህትሽ ነገ ወደዚህ ብትመጣ ምን ትያታለሽ?» አሉ።

ለእህቷ ምክር የምትነፍግ ሴት እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም። «ባትሪ ያዢ እላታለሁ፤ መጸዳጃ ቤቱ መብራት የለውም።» «ዶክተሩ ሲያልፉ የተኛሽ እንዳትመስዪ፤ አልፈውሽ ይሄዳሉ።» «ያቺ ረጅሟ ሜትሮን ስትመጣ ካየሽ ድስትሽን ደብቂ።» ረጅሟ ሜትሮን እኔ ነኝ። ቁመቴን በትክክል ገልጸውታል።

በዚያው ሰሞን ባለቤታቸው ማዪ ሊኔስ፣ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ወደ ቢሮዬ መጡ።

«ሜትሮን፣ የባሌ ሸሚዝ የሌላ ሴት ጭስ ይሸታል።»

«የአንዲት ሴት አይደለም፣ እመቤቴ፤ የብዙ ሴቶች ነው» አልኋቸው። ላጽናናቸው ነበር ሐሳቤ።

አንድ ቀን ግን ማዪ ናፊሪ ከድስታቸው ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ለእህቴ የምላት፣ ምጥ ሲጀምርሽ ቶሎ እንዳትገቢ ነው። ገና ነሽ ብለው ይቆጡሻል፤ ይመልሱሻል። እስኪጠናብሽ ድረስ ከአጥሩ ውጪ፣ ማንጎው ሥር ጠብቂ።»

ያንን ማንጎ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሥሩ ዘወትር ሴቶች ይቀመጡ ነበር፤ ጥላውን የወደዱት ይመስለን ነበር። በዚያ ዓመት የዝናብ ወራት አንዲት ወጣት ከዚያ ተነሥታ በራችን ሳትደርስ ሕይወቷ አልፎ ነበር። እኛ «ዘግይታ መጣች» አልን። የመጣችው በጠዋት ነበር።

ባምቦ ፋኑኤል ይህንን ሁሉ በሪፖርታቸው አሰፈሩ። ወሩ የአውራጃው ምርጥ ሆስፒታል ዋንጫ የሚሰጥበት ወር ነበር፤ ዋንጫው የሚቀመጥበት መደርደሪያ ቀድሞ ተወልውሏል። ዶክተር ካሊንዴ ይፍቀዱልኝና የተባለውን እንዳለ ልናገር።

«ባምቦ ፋኑኤል፣ ይህ ከወጣ ዋንጫው ቀረ። እርስዎም ወደ ሩቁ ደሴት ጤና ጣቢያ መዛወርዎ ነው።»

«ደሴቱ ላይም አስታማሚ አይጠፋም፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ ተናደው ተነሡና መስኮቱ ዘንድ ሄደው ቆሙ። ወደ ማንጎው እያዩ ጠየቁ፦

«እነዚያ ሴቶች ምን እየሸጡ ነው?»

«ምንም አይሸጡም። ምጥ እየጠበቁ ነው።»

ዶክተሩ ከመስኮቱ ተመለሱ። ሪፖርቱም ላይ ፈረሙ።

ዋንጫው ለሌላ ሆስፒታል ተሰጠ። እዚያ ዛሬም ሁሉም ነገር በጣም ጥሩ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኛ ዘንድ ከማዋለጃው ክፍል ጎን ማቆያ ቤት ተሠራ። አዋላጆቹ ማንጎው ድረስ ወርደው «ግቡ፣ ማንም አይቆጣችሁም» ቢሉ የሚያምናቸው ጠፋ። ባምቦ ፋኑኤል የበቆሎ ቅርጫታቸውን ይዘው ቀድመው ገቡና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶቹም ያን ጊዜ ተከተሏቸው። ስለዚህ የማቆያ ቤታችን የመጀመሪያዋ ነፍሰ ጡር ባምቦ ፋኑኤል ናቸው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ እርስዎ ልዙር፣ ባምቦ። በመጀመሪያው ቀን «ማንም አልጠየቀኝማ» ብለውኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሠሩት ሥራ ሁሉ፣ እንደ እርስዎ ሳይጠየቅ ተሰልፎ የሚውለውን ሰው መጠየቅ ነበር። በዚህች ከተማ ስምዎን የማያውቁ፣ ነገር ግን በእርስዎ ምክንያት ከጣሪያ ሥር የተወለዱ ልጆች ይሮጣሉ። በእግራቸው ወደ ቤታቸው የተመለሱ እናቶች አሏቸው። በእነርሱ ፋንታ እኔ አመሰግንዎታለሁ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኝ ነበር፦ እርስዎ ሲሄዱ ጥያቄው አብሮዎት ይሄድ ይሆን? ስለዚህ ትናንት እኔ ራሴ ወደ ማብሰያው ወርጄ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥሁ። መነሣቱ ከመቀመጡ ይልቅ አስቸግሮኛል። በቆሎም ሰጥተውኛል። ከጎኔ ለነበረች ወጣት አስታማሚ «እህትሽ ነገ ብትመጣ ምን ትያታለሽ?» አልኋት።

«እርስዎም ይህንን ይጠይቃሉ? ጠዋት አንዲት ነርስ ጠይቃኝ ነበር» አለችኝ።

«ምን አልሻት?»

«ቀድመሽ ነይ እላታለሁ አልኋት።»

እንግዲህ የቶብዋ መጠጣችሁን አንሡ። መጠጡ እንዴት እንደሆነ ለጠማቂዋ ፊት ለፊት አትንገሯት፤ ነገ ለእህታችሁ ትነግሯታላችሁ። ለባምቦ ፋኑኤል ጤና፣ ማዪ ሊኔስን ለሚያስደስት፣ ጭስ ለማይሸት ሸሚዝ፣ ለሁለቱም ረጅም ዕድሜ!

ባምቦ፣ ታመው አይምጡብን። ሊጠይቁን ሲመጡ ግን ወረፋ የለብዎትም፤ ቀድመው ይምጡ። የሚቆጣዎት የለም።