የተጣመመው የወንበሬ ጎማ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እግሮቼ አይታዘዙኝምና፣ ከአዲስ አበባ የተገዛልኝን ባለጎማ ወንበር አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ከበደሌ ወደ መቱ መጣሁ። መቱ ደርሰን ሲያወርዱት አንደኛው ጎማ ተጣሞ ስምንት ቁጥር ሆኗል። ሾፌሩን ብጠይቀው «ያሰረው ረዳቴ ነው» አለ። ረዳቱ ደግሞ «እኔ አጥብቄ ነው ያሰርኩት፤ ያንገጫገጨው መንገዱ ነው» አለ። ጎሬ ለመድረስ የቸኮሉት ተሳፋሪዎችም «እውነት ነው፣ ጥፋቱ የመንገዱ ነው» ብለው ፈረዱ።

«እንግዲያው መንገዱ እስኪጠግንልኝ እዚሁ እቀመጣለሁ» አልኩና ከአውቶቡሱ መቀመጫዬ አልነሣም አልኩ። ሾፌሩ «ጋሼ፣ ተሸክመን እናውርድዎት» ቢለኝ፣ «ደስ ይለኛል፤ ቤቴ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ነገ ደግሞ ገበያ አለብኝ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ እየመጣህ ትሸከመኛለህ» አልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ አንሥተው ጭቃው ላይ ቢያስቀምጡኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ደግነቱ ማር የያዘች አንዲት ሴት «ማሎ፣ እባክህ ሾፌር፣ የተሰበረው በአንተ መኪና ነው፤ አሠራላቸውና እንሂድ» አለችው። ቅድም መንገዱን የወቀሱት ሁሉ እሷን ደግፈው ተነሡበት። ሾፌሩ እያጉረመረመ ወንበሩን ራሱ ተሸክሞ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው፤ አሠርቶም አመጣልኝ።

በሌላ ጊዜ ወደ በደሌ ልሄድ ስል ያው ሾፌር ገጠመኝ። ገና ሲያየኝ ረዳቱን ጠራና «ወንበሩን እዚህ ከጎኔ አስገባው» አለው።

«እሳቸውንስ?» አለ ረዳቱ።

«እሳቸውን ጣሪያው ላይ አጥብቀህ እሰራቸው።»