ከአንገት የማይወርድ ጥናት

ለትውልድ ሊነገር የሚገባው ነገር ማክሰኞ ጠዋት ተፈጸመ፤ የምርምር ሕንፃው አሳንሰር ሠራ። ባይሠራ ኖሮ ተማሪዎቻቸው «ሳንባው» የሚሏቸው አንጋፋ ሐኪምና በመረጃ ክፍል የምትሠራው የወንድማቸው ልጅ በዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ባልገጠሙ ነበር።

ሳንባው በሩ እስኪዘጋ እንኳ አልታገሡም።

«ሰማሽ? የሥነ ምግባር ኮሚቴው ማመልከቻዬን መለሰው። የእኔን! የዱቄት ብናኝ የዳቦ ጋጋሪን ሳንባ እንደሚጎዳ ያስተማራቸው ማን ሆነና?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ግን የመረጃ አያያዝ ዕቅድ አላስገቡም። የተመራማሪ መለያ ቁጥርም የለዎትም።»

«ቁጥር? እስረኛ ነኝ እንዴ? ስሜ አይበቃም?»

«ሞክሼዎ የሆኑ የጥርስ ሐኪም አሉ። ገንዘብ ሰጪዎቹ ስምዎን ሲፈልጉ የሚያገኙት ስለ ድድ የተጻፈ ነው። ቁጥሩ ግን የእርስዎ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤት ቢቀይሩ፣ ስምዎ በሌላ አጻጻፍ ቢወጣ፣ ሥራዎ ተከትሎዎት ይሄዳል።»

ሳንባው የድዱን ነገር አልወደዱትም።

«እሺ፣ ዕቅዱስ ምን ያደርግልኛል? መረጃዬ እንደሆነ አብሮኝ ነው የሚያድረው!» አሉና መረጃውን የያዘውን ፍላሽ ሊያሳዩ የአንገታቸውን ክር ሳብ አደረጉ። ክሩ ባዶውን መጣ።

ልጅቱ ፊቷ ተለወጠ። «የጋጋሪዎቹ ስም አብሮ አለ?»

«ከነስማቸው፣ ከነሚሠሩበት ቤት» አሉ ድምፃቸው ወርዶ። «አሠሪዎቻችን እንዳይሰሙ ብለው ነበር የነገሩኝ። ከተሰማ ሥራቸውን ያጣሉ።»

ማመልከቻውን ያሳተሙት ከመንገዱ ማዶ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። በዕድሜያቸው የማያምር ሩጫ ሮጡ። የቤቱ ባለቤት ፍላሹን ከመሳቢያ አወጣች፤ ግን ቶሎ አልሰጠቻቸውም።

«የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዬ ከፈትኩት፤ ይቅርታ» አለች። «አባባ፣ ዳቦ ጋጋሪው ወንድሜ ደም እንደሚተፋ ለእኛ ለቤተሰቡ አልነገረንም ነበር።»

ሳንባው «ይምጣ፤ እኔው አየዋለሁ» አሉ። «ግን ከእኔ ሰማሁ አትበይው።»

«ከእርስዎ መቼ ሰማሁ? ከዕቃዎ ነው እንጂ» ብላ ፍላሹን ሰጠቻቸው።

ወደ መረጃ ክፍሉ ሲመለሱ ሳንባው ያለ ክርክር ተቀመጡ። «በይ አስተምሪኝ» አሉ።

«ስሙ ለብቻው ይቆለፋል፤ ጋጋሪው በጥናቱ ውስጥ የሚታወቀው በኮድ ነው። ቅጂው ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ማን እንደሚከፍተው፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ከወዲሁ ይጻፋል። እርስዎ ባይኖሩ እንኳ ጥናቱ ይኖራል።»

«ደግሞ ልትቀብሪኝ ነው?»

«ሥራዎ አብሮዎት እንዳይቀበር ነው እንጂ፣ ጋሼ።»

እውነቷን ነው። ሕመሙን አምኖ የነገረ ሰው፣ ምስጢሩ የት እንደሚያድር የማወቅ መብት አለው። ያን የሚመልስለት ዕቅዱ ነው። ቁጥሩ ካለ ገንዘብ ሰጪውም ልፋቱ የማን እንደሆነ ሳይጠራጠር እጁን ይዘረጋል፤ ነገ የሚመጣው ተመራማሪም ከዜሮ አይጀምርም።

ዕቅዱ ተጻፈ፤ ቁጥሩም ወጣ። ወዲያው ሳንባው ኮሪደሩ ላይ ነገሩን ራሳቸው የፈጠሩት ይመስል ወጣት ሐኪሞችን ማስቆም ጀመሩ። «ቁጥር የለህም? ታዲያ ምኑን ተመራማሪ ሆንክ!» የወንድማቸው ልጅ ከኋላቸው ደረቷን ነፍታ ቆማለች፤ ኩራቱስ ይገባታል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሳቸው መረጃ ክፍሉ ድረስ መጥተው ማመልከቻውን ገጽ በገጽ አነበቡ። «ለሌሎች አርአያ የሚሆን ነው። ተቀብለነዋል» አሉ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉና ወደ ልጅቱ ጠጋ አሉ።

«እንግዲህ... ያንን ቁጥር ለእኔም ታወጪልኛለሽ?»

ሳንባው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«በጣም ቀላል ነው» አለች ልጅቱ እየተንጎራደደች። «የራሴን ላሳይዎት።»

በኮምፒውተሩ ላይ የመለያ ቁጥሯን ገጽ ከፈተች። ስሟ አለ፤ ቁጥሯም አለ። «ሥራዎች» ከሚለው ቃል በታች ግን እስከ ዛሬ ከጻፈቻቸው ጥናቶች አንዱም አልገባም።

ሦስቱም ነጩን ገጽ አዩት። ሳንባው «በይ፣ ያንቺን አብረን እንሙላ» ብለው ወንበር ስበው ከጎኗ ተቀመጡ። ሰብሳቢውም ሌላ ወንበር ፍለጋ ዞር ዞር አሉ።