የአጋሮን ስም የያዘው ፈረንጅ

ለባሌ እንኳን ያልነገርኩትን ልናዘዝላችሁ። ተማሪ ሳለሁ፣ ውጭ አገር ባለው ወንድሜ ካርድ፣ በአጋሮ ስም አንድ የድረ ገጽ አድራሻ አስመዝግቤ ነበር። በኋላ እዚያው አጋሮ ማዘጋጃ ቤት ተቀጠርኩ። መሥሪያ ቤታችን የከተማዋን ድረ ገጽ ሊከፍት ሲነሳ አድራሻው ተይዟል፤ የባለቤቱ ስም አይታይም፣ ኢሜይል ብቻ ነው ያለው። ኮሚቴ ተቋቋመ። ገጹን ማስተዳደር እጅግ እመኝ ነበር፤ «እሷ ዓይን አፋር ናት» ተባለና ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆንኩ። ከኮሚቴው ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«የፈረንጅ ሥራ ነው!» አሉ ሰብሳቢያችን ጋሽ ነዚፍ። «ቡናችን አልበቃ ብሏቸው ስማችንንም ወሰዱ። የከተማ ስም የመንግሥት ነው! በይ ማሎ፣ እባክሽ፣ በትሕትና ጻፊለት።» በእንግሊዝኛ ጽፌ ላክሁ። ወዲያው ኢሜይሉ ገብቶ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ።

«አንሺው እንጂ» አሉኝ።

«እናቴ ናት፣ በኋላ እደውልላታለሁ» አልኩና ድምፁን አጠፋሁት።

እውነቱን ልናገር ብል አፌ እምቢ አለኝ። በማግስቱ «የአጋሮ ወዳጅ» ብዬ ፈርሜ መለስኩ፦ አድራሻውን በነፃ እሰጣለሁ፣ ገጹን ግን ሴት ታስተዳድረው። ጋሽ ነዚፍ ሁለቴ አስነበቡኝ። «ወላሂ፣ ጨዋ ፈረንጅ ነው!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ አታሳፍሪን፤ አንቺው ያዢልን።»

አንገቴን ደፍቼ «ኧረ እኔ አልችልም» አልኩ። ሦስት ጊዜ አስለምኜ ነው የተቀበልኩት።