አንኮበር ያልደረሰችው መኪና

ደጀኔ፣ እስቲ ከዚያች መኪና ሥር ውጣና ሻይህን ጠጣ፣ እጅህ በብርድ ደርቋል። የዛሬው ውርጭማ ጉድ ነው! ቧንቧው ውሃ አልሰጥ ብሎኝ እኔም አርፍጄ ነው የጣድኩት። ስኳር ልጨምርልህ? ከጋራዥ አጠገብ ሻይ ቤት ከፍቼ እኮ ግማሽ መካኒክ ሆኜልሃለሁ። ድምፅ ሰምቼ የማን መኪና እንደመጣች አውቃለሁ።

ይቺ ክሪክ ላይ የሰቀልካትን ደግሞ ከማንም በላይ አውቃታለሁ። ጎረቤቴ ናት፤ ጠዋት ጠዋት የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ትስላለች። ነዳጅ ሲሰጧት ልትሄድ ትልና... ጭጭ። እንደገና ትነሳለች። ማርሽ ሲገባላት ከሆዷ ‹ጓ!› ይላል። ባለቤቷ ግን እንዴት ያለ ታጋሽ ሰው ነው! እኔ ተነስቼ፣ ግቢዬን ጠርጌ፣ ፓስቲዬን ጠብሼ ስጨርስ እሱ ገና ሞተር እያሞቀ ነው።

ምን ታፈጥብኛለህ? ስም ጠራሁ? እዚያ ጥግ ጀርባውን ሰጥቶን ሻይ የሚጠጣው ደንበኛዬ ነው አልኩ? እኔ ያልኩት የመኪናዋ ባለቤት ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ከሆኑ የእኔ ጥፋት ነው?

የወንድሜ ልጅ ሕይወት ብርድ ልብስ ፋብሪካ እንደምትሠራ ታውቃለህ አይደል? ለዚህ ጨዋ ሰው ከምርጦቹ አንዱን መርጣ፣ ‹የደብረ ብርሃን ብርድ አይጎዳህ› ብላ ሰጠችው። ምን ቢያደርገው ጥሩ ነው? ሲመሽ ኮፈኑ ላይ ያለብሰዋል! አዎ፣ ለሞተሩ! ሕይወት አይታ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለብረት እንዲህ የሚራራ ሰው ለሚስትማ እንዴት ይሆን ተባባልን። ተባባልን እንጂ... እስካሁን አላየንም።

ሚስት ካነሳሁ አይቀር፣ ሽማግሌ እልካለሁ ካለ ቆየ። የመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መኪናዋ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ። ሞተሩ አልሞቀም ተባለ። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ... እነሱ በረዳቸውና ወደየቤታቸው ገቡ። የሕይወት አባት፣ ወንድሜ ወልደተንሣኤ፣ አንኮበር ላይ ቤቱን አስጠርጎ፣ ከጎረቤት አግዳሚ ተውሶ መንገድ መንገድ ሲያይ ዋለ። በሌላ ቀን ደግሞ ገና ከከተማ ሳይወጡ ‹ጓ!› አለች። ‹ሽማግሌ ጭኜ ገደል አልገባም› ብሎ መለሳቸው። ጥንቁቅ ነው እኮ! ‹ግድ የለም፣ በሚኒባስ እንሄዳለን› ሲሉት ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹እናንተን በሚኒባስ? ክብራችሁ አይፈቅድም!› አየህልኝ አክብሮት? ክብራቸው ተጠብቆላቸው ይኸው እስከ ዛሬ እቤታቸው ቁጭ ብለዋል።

አንተ ደግሞ፣ እጅህ ይባረክና፣ ትናንት ሥሯ ገብተህ ሁሉንም አገኘኸው። ‹ጓ› የሚለው ክሮቼራው ተበልቶ ነው አልክ፤ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ መጋጠሚያው ላልቶ። ሲበርዳት የምታመነታውም አየር የሚስበው ቱቦ ተሰንጥቆ። ሁለቱንም ቀየርክላት። ዛሬ ጠዋት አንዴ ስትነካት ተነሳች፤ ማርሽ ብታስገባ ድምፅ የለ፣ ሳል የለ። ‹ጨርሻለሁ፣ ውሰዳት› ስትለው ፊቱን አይተኸዋል? እኔ ደስታ ነው ብያለሁ። ሰው ሲደሰት እንደዚያ ይገረጣል እንዴ? ‹ካምቢዮውንም እይልኝ› አለህ። ደህና ነው አልከው። ‹እንግዲያው ዲፈረንሻሉን...› ይኸው ደህናዋን መኪና መልሰህ ሰቀልካት!

እንዲያው ለጨዋታ ያህል ልንገርህ... ባለፈው እሑድ አንኮበር እንግዳ መጥቶ ነበር። ከሕይወት ጋር የሚሠራ ቢኒያም የሚባል ልጅ አለ። መኪና የለውም፣ ምስኪን። የራሱን ሽማግሌዎች ሚኒባስ ላይ አሳፍሮ ላካቸው፤ አስበው እስቲ፣ ከሰው ጋር ተጨናንቀው! ጋቢያቸው አቧራ እንደለበሰ ወንድሜ ደጅ ላይ ቆሙ። ክብር አያውቅም ልጁ... ወንድሜ ግን ግቡ አላቸው። መልሱን ለፊታችን ቅዳሜ ቀጥሯቸዋል።

ሕይወት ትናንት ከሥራ ስትወጣ እዚህ መጥታ አለቀሰች። ‹እትዬ ሸዋዬ፣ ልቤ ያለው ሌላ ሰው ጋ ነው፤ ግን እስከ መቼ ልጠብቀው?› አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ሰውዬው ማን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም... ምን አገባኝ? ‹እስከ ቅዳሜ ታገሺ፣ ይመጣል› አልኳት። ዛሬ ሐሙስ ነው። አንኮበር ባሕር ማዶ ነው እንዴ ደጀኔ? መኪናዋ ድናለች፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ሽማግሌዎቹ እቤታቸው አሉ። ነገ በጠዋት ተነስቶ የሚሄድ ሰው ቢኖር፣ ወንድሜ በሩን የሚዘጋበት ይመስልሃል?

እሰይ! ደንበኛዬ ሻዩን አስቀምጦ ተነሳ። አንተን ነው የሚጠራህ፣ ሂድ፣ ቶሎ በል! መኪናዬን አውርድልኝ ሊልህ ነው። እኔ ብርጭቆ ልጠብ...

መጣህ? ምን አለህ? ... ፍሬኑን? ፍሬኑንም ፈትሽልኝ፣ ለሰኞ ይድረስልኝ አለህ?

እንዲህ ነው እንግዲህ። ልክ ነው፣ መቼም የሚሄድ መኪና ፍሬን ያስፈልገዋል። አይ፣ አልተናደድኩም... ተናድጃለሁ እንጂ፣ ምን ልዋሽህ! ልጅቷ ናት ያሳዘነችኝ። በል ስልኬን ከዚያ አቀብለኝ። ‹እንባሽን ጥረጊና ለቅዳሜ ተዘጋጂ› እላታለሁ። ቢኒያምም ክፉ ልጅ አይደለም።

በማንም ላይ ግን ቂም አልይዝም። ይህን ጥንቁቅ ሰው ከልቤ ነው የምመርቀው፤ ቀስ ብዬም አልናገር፣ ይሰማ። ዕድሜና ጤና ይስጠው። ከክፉ ነገር ይሰውረው። ከቤታችን አይጥፋብን፣ እንደ ዘመድ ነውና። ሕይወትዬንም ወልዳ ለመሳም ያብቃት... የበኩር ልጇንም ታቅፎ ክርስትና የሚያነሳላት እሱ ይሁን። አሜን በል እንጂ ደጀኔ!