በአባቷ ዕድሜ የገባችው ልጅ

ዳቦ ጋጋሪዋ ከሥራ ስትመለስ ጎረቤቷን ልብስ ሰፊውን የሚኖሩበት ሕንጻ ደረጃ ላይ አገኘቻቸው። ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ የልጇን ስልክ አወጣች።

“ጋሼ፣ ይህን ይዩልኝ። ለልጄ የማያውቀው ሰው የላከለት ነው። ከረሜላ የመሰለ ክኒን፤ ለፈተና እንቅልፍ ያባርራል ይላል። ሕግ የከለከለው ነገር በልጆች ስልክ እንደ ሽንኩርት ይቸረቸራል።”

ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። “ያንቺ ልጅ ዟሪ ስለሆነ ነው፣ እህቴ። የኔዋ ከትምህርት ቤት መልስ ከቤት ንቅንቅ አትልም። ማን ያገኛታል?”

ዳቦ ጋጋሪዋ ደሟ ፈላ። ይህንኑ ከገዛ ባሏም ሰምታ ሰልችቷታል። “ሻጩ መቼ ውጪልኝ አላት? አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች ነው የሚያገኛት።”

“በይ ነይና በዓይንሽ አይተሽ እረፊ” ብለው ወደ ቤት አስገቧት።

ልጅቷ ስልኩን አምጪ ስትባል ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆመች። አባትየው ተቀብለው አነበቡ፦ “ነገ ከትምህርት ስትወጪ በኋላው በር ጠብቂኝ። የመጀመሪያው ክኒን በነጻ ነው።” ከሥሩ የልጅቷ መልስ አለ፦ “እሺ።”

ልብስ ሰፊው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። “ይሄ ሰው በየት ገባ?”

“በልጅ ዕድሜ በተከፈተ ገጽ ባዕድ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይጽፍም። ሲከፈት ዕድሜዋ ስንት ተባለ?” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

ልጅቷ አባቷን አየች። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ገጹ አልደረሰችም ብሎ እምቢ ሲላት የኔን ዕድሜ ሞላሁላት። ለማለፍ ያህል ነው።”

“ደግ አደረጉ። ስልኩ ጡረታ የደረሰች ሴትዮ አድርጎ ነዋ የሚያውቃት። አጥሩን አፍርሰው በር ይቆልፋሉ፣ ጋሼ።”

አባትየው በንዴት እጃቸውን ወደ ቀበቷቸው ሰደዱ።

“ተዉ” አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። “ዛሬ ቢመቷት ነገ ምንም አታሳይዎትም፤ ሻጩም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መልእክቱን ሳያጠፉ ለፖሊስና ለትምህርት ቤቱ እናሳይ። ከዚያ ሰውየው ዳግም እንዳይጽፍላት እንዝጋው፤ ዕድሜዋንም እናስተካክል።”

ልብስ ሰፊው እጃቸውን ከቀበቷቸው አንስተው ወደ ልጃቸው ዞሩ። “አልመታሽም። ነገ ከትምህርት ቤት የምወስድሽ እኔ ነኝ።” ልጅቷ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ፈተና እንዳትወድቅ ፈርታ እሺ እንዳለችው ተናገረች።

በማግስቱ በኋላው በር ሻጩን የጠበቀው ፖሊስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሕንጻው ልጆች እንግዳ ሰው ሲጽፍላቸው አይደብቁም፤ ቁጣ እንደማይጠብቃቸው ስላወቁ ስልካቸውን ይዘው ወደ ስፌት ቤቱ ይመጣሉ። ልብስ ሰፊው “ሥራ አስፈታችሁኝ” እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ግን መቀሳቸውን አስቀምጠው እያንዳንዱን ያነባሉ።