በአባታቸው ስም ሰማንያ ሦስት ጨዋታ የተጫወቱት አቶ ሕዝቅያስ እንግዳወርቅ

አቶ ሕዝቅያስ ከአባታቸው ከግራዝማች እንግዳወርቅ ባፈና፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ተናኘወርቅ ዓባይ በ1927 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። ፊደል እዚያው ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን በአዲስ አበባ በከፍተኛ ውጤት ካጠናቀቁ በኋላ፣ በ1946 ዓ.ም. የመንገድ ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ ተላኩ።

ምሕንድስናውን በሚገባ ተምረዋል፤ እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ልባቸውን የወሰደው ኳስ ነው። ኳሱም እኛ የምናውቀው ዓይነት አይደለም፤ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት፣ አሥራ ስምንት ሰው ከአሥራ ስምንት ሰው የሚተራመስበት የአገሬው ጨዋታ ነው። ቁመታቸው መለሎ፣ ዝላያቸውም የተለየ ስለነበር፣ የአንድ የሠፈር ክለብ አሠልጣኝ በዩኒቨርሲቲው ሜዳ አይቷቸው ወሰዳቸው፤ ከ1948 እስከ 1954 ዓ.ም. በተከላካይነት ሰማንያ ሦስት ጨዋታ ተጫውተው፣ ኳሱን ከሰው ትከሻ በላይ ዘለው ሲቀልቡ ተመልካቹን ከመቀመጫው ያስነሡት ነበር።

የክለቡ ጸሐፊ ታዲያ በአገሩ ልማድ መጨረሻ የተጻፈውን የቤተሰብ ስም ነው ብሎ በመዝገቡ ላይ «እንግዳወርቅ» አላቸው፤ ጋዜጣውም ጻፈው፣ ሜዳውም በዚሁ ስም ጮኸላቸው። ግራዝማች በበኩላቸው፣ በመንግሥት ወጪ ለትምህርት የሄደ ልጃቸው ኳስ እንደሚያባርር ሲሰሙ በጣም ተቆጥተው፣ ኳስ ተጫዋች ልጅ የለኝም ብለው ጻፉላቸው፤ ሳይታረቁም በ1952 ዓ.ም. ዐረፉ። ይህ ነገር አቶ ሕዝቅያስን ዕድሜ ልካቸውን ሲያንገበግባቸው ኖሯል።

በ1955 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው በመንገድ ሥራ አገለገሉ፤ በ1958 ዓ.ም. ከወይዘሮ አልታየሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። በ1970 ዓ.ም. ተሰደው ለንደን ከገቡ በኋላ፣ ምሕንድስናቸውን የሚጠይቅ ሰው ባይገኝ ሳያማርሩ ቶተንሃም አውቶቡስ እየነዱ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ባተርሲ ፓርክ የሚጫወቱ ልጆቻችንን ቆመው እያዩ፣ በረኛ ያልሆነውን ሁሉ ኳሷን በእጅህ ቀልባት እያሉ ሲመክሩ ያልሳቀ ሰው በመካከላችን የለም።

ባለፈው ዓመት በልብ ሕመም ዊልስደን በሚገኘው ቤታቸው ተኝተው ሳሉ፣ የሜልበርኑ ክለብ የቀድሞ ተጫዋቾቹን ስም በግድግዳ ላይ ሊያስቀርጽ መሆኑን ገልጦ፣ የሚታረም ካለ እንዲነገረው ጠየቀ። ልጃቸው ሳባ «ሕዝቅያስ» ተብሎ እንዲስተካከል ፎርሙን ሞልታ ለፊርማ አቀረበችላቸው። እሳቸው ግን አልፈርምም አሉ፤ አባቴ አንድ ቀን እንኳ መጥተው አላዩኝም፣ ስማቸው ግን ከአንድም ጨዋታ አልቀረም፣ ተዪው ልጄ፣ እኔ በዚሁ ታርቄያለሁ ብለው መለሱላት።

ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱ በዘጠና አንድ ዓመታቸው ዐርፈው፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አልታየሽን፣ ልጆቻቸውን መርዕድን፣ ሳባንና ሃናን፣ እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆችን ትተውልን ሄደዋል። ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የምትሸኛቸው በራሳቸው ስም፣ በክርስትና ስማቸው በወልደ ሚካኤል ነው፤ እግዚአብሔር የወልደ ሚካኤልን ነፍስ ተቀብሎ፣ ከአባታቸው ከግራዝማች ጋር በአንድ ማረፊያ ያገናኝልን። አሜን።