ሰጋቱራ የጎረሰች መኪና

አያት የሆነ ሰው ሥራው መስጋት ነው። ልጆቼ «እማማ፣ ያልመጣ ዝናብ ይታይሻል» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። ከመቶ ስጋቴ አንዱ እውነት ከሆነ የቀረውንም በከንቱ አልሰጋሁም። እንዲህ የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ ቀድሞ ቢሰማ ኖሮ ባልከፋ ነበር የምለው ነገር ስላለኝ ነው።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ወጥቼ ጥላዬን ዘርግቼ ልራመድ ስል መኪና አጠገቤ ቆመች። ታላቅ ወንድሜ ነበር።

«ግቢ እንጂ! በዚህ ፀሐይ በእግርሽ ልትሄጂ ነው?» አለኝ።

ገባሁ። ጤና ጣቢያ ምን ልሠራ እንደሄድኩ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩት። በቤታችን እንዲህ ነው የምንኖረው።

ወንድሜን የሰፈሩ ሾፌሮች «አባ ጸጥታ» ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የቀረችው ከሟች ባለቤቱ ጋር ጥረው ግረው የገዟት አሮጌ የመስክ መኪና ናት። ስሙን ያወጡለትም መኪናው አትንጫጫም፣ አታንኳኳም ብለው ነው። ጠዋት ጠዋት ትንንሾቹን የልጅ ልጆቼን ጭኖ፣ ያንን ረጅም ቁልቁለት ወርዶ ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው በእሷ ነው።

ጥቂት እንደሄድን የአውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ትልቋን የልጅ ልጄን አየናት። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሳ ጋራዥ ከገባች ገና ዓመቷ ነው። የመፍቻ ቦርሳዋን ታቅፋ ከኋላችን ተቀመጠችና ሰላምታዋን ሳትጨርስ አንገቷን ዘመም አድርጋ ማዳመጥ ጀመረች። ያን አንገት አውቀዋለሁ፤ በሕፃንነቷም አንድ ነገር ስትጠረጥር እንዲሁ ነበር የምታደርገው።

«አባባ፣ ይህ ከኋላ የሚመጣው ድምፅ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የቱ ድምፅ?»

«የታፈነ ጉምጉምታ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ፉጨት የሚሳብ ነገር።»

«ያረጀ ሁሉ ያቃስታል ልጄ። እኔስ ብድግ ስል ጉልበቴ ይንቋቋ የለም? ፈቶ ያየኝ አለ?»

«እርስዎን እንኳ እናስመርምርዎት ብንል እምቢ ብለው ነው።»

ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ወዲያው ቀዘቀዘ። «ምን ድምፅ ነው የምትሉት? እኔ ለምን አልሰማሁም?» አልኩ።

«እማማ፣ አትጨነቂ፤ አሁን እንለየዋለን። አባባ፣ እባክዎን መስኮቱን ይክፈቱልኝ። ሬዲዮኑንም ያጥፉት።»

«ዜና ልሰማ ነበር እኮ።»

«ዜናው ከኋላ ነው ያለው።»

እያጉረመረመ አጠፋው። ጭር ያለው ሜዳማ መንገድ ላይ ስንደርስ እየለመነች ታዘው ጀመር። «ነዳጅ ይስጡ» ትላለች፤ ፉጨቱ ከፍ ይላል። «አሁን እግርዎን ያንሱ» ትላለች፤ ፉጨቱ ወርዶ ወደ ማጉረምረም ይለወጣል። ማርሹን ነጻ አድርጎ እንዲለቃት ጠየቀችው፤ ድምፁ አልጠፋም። ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ ወደ ግራ አዘንብሎ እንዲነዳ ጠየቀችው፤ አልተለወጠም። ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ ወረድን፤ ያው ነው። አንዴ የሰማሁት ድምፅ ከዚያ ወዲያ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ሞተሩ ቢሆን ማርሹ ሲለቀቅ ይቀል ነበር» አለች። «ጎማው ቢሆን መንገዱ ሲለወጥ ድምፁም ይለወጥ ነበር። የጎማው ኩሽኔታ ቢሆን፣ ያ ጎማው የሚሽከረከርበት የብረት ኳስ ያለበት ቀለበት፣ ስንታጠፍ በአንዱ ወገን ይብስ ነበር። ይህ ነዳጅ ሲሰጡትና ሲነሱት ነው ቃናውን የሚቀይረው። ዲፈረንሻሉ ነው አባባ።»

ዲፈረንሻል የሚሉት በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሃል እንደ ቅል ያበጠው ብረት ነው። የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለጎማዎቹ የሚያካፍሉ ጥርሶች በውስጡ አሉ።

«ይክፈቱት» አለችው።

«ስሚ መሐንዲሷ፤ የተከፈተ መኪና ደግ አያይም። አንዱን ሲፈቱ ሌላው ይላላል። እኛ ተራራ ለተራራ ስንነዳ ማን ጆሮውን ለኋላ ሰጠ? ደግሞስ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ዝም ያለን ነገር ምን አስነካሽ?»

«ተረቱ ለሰው ይሆናል፤ መኪና ግን ከድምፁ በቀር አመመኝ የሚልበት ምን አለው? ደግሞ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺ ዝም አላለችም። ታፍና ነው።»

ወንድሜ በመስታወቱ አያትና ዓይኑን ሰበረ። ያኔ አንድ ነገር እንደደበቀ ጠረጠርኩ።

አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ፤ እኛ ዘንድ ዝምታ ጌጥ ነው። የማያለቅሰውን ሕፃን «ጨዋ» እንላለን። የማታማርረዋን ሴት «ቻይ» እንላታለን። ቻለች ማለት ዳነች ማለት እንዳልሆነ የሚገባን ዘግይቶ ነው።

«ካልተከፈተ ምን ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኋት።

ልትነግረኝ አልፈለገችም። ስወተውታት ግን «ጥርስ ተሰብሮ ከመሃል ከተሰነቀረ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ይያዛሉ። ሜዳ ላይ ከሆነ መንሸራተት ነው። ቁልቁለት ላይ ከሆነ...» ብላ ተወችው።

«ነገ ልጆቹ በዚህች መኪና አይሄዱም» አልኩ።

«እኔ ነኝ ልጆችሽን የምገድላቸው?» አለ ወንድሜ። ድምፁ ተሰበረ እንጂ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«አንተማ ራስህን ትሰጥላቸዋለህ ወንድምዬ። መኪናዋ ግን አንተን ታውቃለች እንዴ?»

ግቢው ደረስን። ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪውን እንደጨበጠ «ክፈቺው፤ ግን እንዳትስቂብኝ» አላት።

መኪናዋን በክሪክ አነሳቻት። እኔ ከፊት ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ካልጠቀጠቅሁ፣ ከሥሯም ወፍራም ግንድ ካልገባ አትገቢም ብዬ ተከራከርኩ። «በዚህስ እማማ ልክ ናት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም» አለች። በጀርባዋ ተኝታ የታችኛውን ቡሎን ስትፈታ ዘይት ይንዠቀዠቃል ብዬ ራቅ አልኩ። ዘይት አልወረደም። ጥቁር ጭቃ ነው እየተቆረሰ የወደቀ፤ በመሃሉም የብረት ቅንጣት ያብለጨልጫል። በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችው።

«ይህ እንጨት ነው» አለች።

«ሰጋቱራ ነው» አለ ወንድሜ። «ከአናጢው ቤት ነው ያመጣሁት። ዲፈረንሻል ሲጮህ ሰጋቱራ አጉርሰው ብሎ ያስተማረኝ መንዳት ያስለመደኝ ጌታዬ ነው። ደግሞ ዝም አለ እኮ! ሲጮህ ጨመርኩለት፤ ዝም አለ። ሲጮህ ጨመርኩለት...»

አልሳቀችበትም፤ ይህን ስላደረገች እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። አጠገቡ ተቀምጣ በትሕትና አስረዳችው። «ሰጋቱራው በጥርሶቹ መሃል ገብቶ ድምፁን ያለዝበዋል፤ እሱ እውነት ነው። ግን ዘይቱን ይመጠዋል። ጥርሱ ይደርቃል፣ ኩሽኔታውም ይራባል። ሕመሙ እየባሰ ይሄዳል፤ የሚጠፋው ጩኸቱ ብቻ ነው።»

ክዳኑን ስታነሳው ለእኔ ለማላውቀው እንኳ ታየኝ፤ ጥርሶቹ ተበልተዋል፣ አንዱ ጫፉ ሄዷል።

«መጀመሪያ እንደጮኸ ቢከፈት ኩሽኔታ ብቻ ተቀይሮ ይድን ነበር» አለች፤ ብላም ተጸጸተች፤ ፊቱን አይታ። «ማለቴ አባባ... ለማንኛውም በጊዜ ደርሰናል፤ ልጆቹ ደህና ናቸው።»

ወንድሜ ከግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ያን ጥቁር ጭቃ በመዳፉ ይዞ ሲያገላብጠው ቆየ።

«ጮኻ ነግራኝ ነበር» አለኝ። «እኔ አፏን ጠቀጠቅሁት።»

«ብረት ነው ወንድምዬ። ብረት ይተካል።»

«ስለ ብረቱ አይደለም። ሚስቴም ወገቤን ስትለኝ ምን ነበር ያልኳት? ‹ሙቅ ነገር አድርጊበት፣ ያልፋል።› ደግሞ ዝም አለች። ዝም ስትል ዳነች ብዬ ደስ አለኝ። ሐኪሙ ምን እንዳለን ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ» አልኩት። «‹ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ› ነበር ያለን።»

የልጅ ልጄ እጇን የምትጠርግ መስላ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

መኪናዋ ከግንዶቹ ላይ እንደተሰቀለች ብዙ ሰነበተች። ልጆቹ በአውቶቡስ እየተጋፉ ሄዱ፤ እኔም በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ ሰነበትኩ። ከሌላ አሮጌ መኪና የወጣ ዲፈረንሻል ተገኝቶ፣ ንጹሕ ዘይት ጠጥቶ ተገጠመ። የጥንቷ መኪና ናት ማለት ግን አልችልም። ወንድሜ እስከ ዛሬ ከባለቤቱ ጋር የገዛትን መኪና ግማሿን እንደቀበረ ነው የሚቆጥረው።

ነገር ግን ትምህርቱ ከንቱ አልቀረም። ያ «አባ ጸጥታ» ዛሬ ጡረተኛ ሾፌሮች በሚሰበሰቡበት ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይሰብካል። «ድምፅ ስትሰሙ ሬዲዮን አጥፉና አድምጡ። ነዳጅ ስጡ፣ አንሱ፣ ታጠፉ፤ መቼ እንደሚለወጥ ያዙ። ዘይቱን ሳይጮህ እዩት። ሰጋቱራውን ለአናጢው ተዉለት» ይላል። ይስቁበታል። ቢስቁበትም፣ ከመካከላቸው መኪናውን ወደ ልጅቷ የነዳ አልጠፋም፤ የአንዱ ገና ዘይት ሲያፈስ ተደርሶበት ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጎሚኒ ብቻ ተቀይሮለት ተመለሰ። በጊዜ የሰማ በትንሽ ይገላገላል፤ የማድመጥ ጥቅሙ ይህ ነው።

መኪናዋ ተጠግና ስትወጣ መጀመሪያ የተሳፈርኩባት እኔ ነበርኩ። ሬዲዮኑ ዝግ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው። በጤና ጣቢያው በር ስናልፍ ወንድሜ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እቴ» አለኝ። «ያን ዕለት እዚህ ምን ልትሠሪ መጥተሽ ነበር?»

ሕመሜን ደብቄ «ምንም አይደል፣ ያልፋል» ልል አፌን ከፈትኩ።

መኪናዋን ዳር አስያዘና ሞተሩን አጠፋ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ሟች ሚስቱ አንድ ቀን እንኳ ያላየችውን ፊት።

ነገርኩት።